ደስ ብሎሽ ነበር፣ አይደል?

የሰፈሩ ሰው “ተኳሿ” ይላታል። ሥራዋ መተኮስ ነው፤ ልብስ መተኮስ። ከፋርማሲው አጠገብ ባለችው ልብስ ስፌት ቤት፣ ካውያ እንደጨበጠች ነው ወጣትነቷ ያለፈው። ስሙ ግን ከካውያው ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ሴትዮዋ አፏን ከከፈተች አትስትም፤ አንድ ቃል ትተኩሳለች፣ አንድ ሰው ይወድቃል። ደግሞ እኮ ክፋት የለባትም! ክፉ ሰው አነጣጥሮ ነው የሚተኩሰው። እሷ ግን ጠየቋት፣ መለሰች፣ አለቀ።

መዘዙ ሁሉ የሚመጣው “አይደል?” ከምትባል ቃል ነው። “አይደል?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄ እንደሌለው ማንም ያውቃል፤ መልሱን በጉያው ይዞ ነው የሚመጣው። “አምሮብኛል፣ አይደል?” ያለች ሴት “እንዴታ!” ትባላለች፣ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ ሁሉም ቤቱ ይገባል። ይህ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ትምህርት አይደለም፤ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። በተኳሿ ጊዜ ጡቱ ነጥፎ ነበር መሰለኝ።

አንድ ጊዜ ሞላ ያሉ እመቤት ያሰፉትን ቀሚስ ሊለኩ መጡ። የሆነ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ አረማመዳቸውም ይናገራል። መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አሉና “ይሄ ቀሚስ አላወፈረኝም፣ አይደል?” አሉ። የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ሰፊ፣ አፋቸው ውስጥ መርፌ ስለነበር “እም-እም” ብቻ አሉ። ከመተኮሻው ጠረጴዛ በኩል ግን ጥርት ያለ ድምፅ መጣ፤ “ቀሚሱማ ምን በወጣው! እርስዎን ያወፈረዎት እሱ አይደለም።”

ኧረ በፈጣሪ! ለማጽናናት ነው እኮ የተናገረችው። ቀሚሱ በከንቱ ሲታማ ሰምታ አላስቻላትም። እመቤቲቱ ቀሚሱን እዚያው ጥለው ወጡ። ጋሼ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡና “ልጄ፣ እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ጥሩ ነው። እኛ ግን የምናድረው እዚሁ ነው” አሏት። በማግስቱ በመተኮሻው ጠረጴዛና በመስታወቱ መካከል ወፍራም መጋረጃ ሰቀሉ። ደንበኛን ከእሷ ለማዳን ነበር። እሷ ግን ስጦታ መሰላት፤ ብርሃኑ ቀነሰላት፣ የሰው ፊት ቀነሰላት፣ አመሰገነቻቸው። ጋሼ አፈሩ።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ነገር ግን ማንም አላየም። የስፌት መኪናው ጩኸት አያስቸግራትም፤ እኩል እኩል ነው፣ መቼ እንደሚመጣ ታውቀዋለች። የሚያሳብዳት ሬዲዮው ላይ ስልክ ሲጨመር፣ ስልኩ ላይ ሁለት ሴቶች እኩል ሲያወሩ ነው። አንዱ ድምፅ ከሌላው አይለይላትም፤ ሁሉም በአንድነት ጆሮዋን ይወጋታል። ልብስ አንገት ላይ የሚሰፋው የፋብሪካ ምልክት ሲነካት እንደ ጉንዳን ስለሚበላት ከልብሶቿ ሁሉ ላይ ፈትታ ጥላዋለች። ሰው ሲስቅ ትንሽ ዘግይታ ትስቃለች። ሰው “ውይ!” ሲል “ውይ!” ትላለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ውላ ቤቷ ስትገባ የቀረላት ነገር የለም። ጫማዋን ታወልቅና መጋረጃውን ዘግታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። በዚያ ሰዓት ያናገራት ሰው ወየውለት።

ባሏ ጥሩ ሰው ነበር፤ ኩርፊያ የሚወድ ጥሩ ሰው። አንድ ቀን በሆነ ነገር ተናዶ “እንዲህ ከሆነማ ልሂድልሽ!” አለ። እንዲህ የሚል ባል እጁን ይዞ የሚያስቀረው ሰው እንደሚጠብቅ የማያውቅ ማን አለ? እሷ አላወቀችም። ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረውን ሻንጣ አወረደችለት። ሸሚዞቹንም ተኩሳ፣ አጣጥፋ ጨመረችለት፤ መንገድ ላይ እንዳይጨማደዱበት አስባለት ነው። ሰውዬው ሻንጣውን አየ፣ እሷን አየ፣ ሄደ። “ለምን ሄደ?” ሲሏት “እሄዳለሁ ብሎ” ትል ነበር፤ ሰው ይስቃል። እሷ ብቻዋን ስትሆን እነዚያ ሸሚዞች ትዝ ይሏትና ሆዷ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ይቀመጣል። ስሙ ምን እንደሆነ ግን አታውቀውም።

የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት። ልጅቷ ነርስነት ትማራለች፤ ሳቂታ፣ ከሰው ጋር ቶሎ የምትግባባ፣ እናቷ ያጣችውን ሁሉ እጥፍ አድርጋ የያዘች ልጅ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የእናቷ አስተርጓሚ ሆና ነው ያደገችው። “እማ፣ ሰውዬው ቀልዱን ነው።” “እማ፣ አሁን ‘ግቡ’ በያቸው።” “እማ፣ ተቆጥታ እኮ ነው፤ ‘ምንም አልሆንኩም’ ያለችሽን አትመኛት።” የውጪውን ሰው ሁሉ ለእናቷ ትተረጉማለች። የገዛ እናቷን የሚተረጉምላት ግን አልነበራትም። አንዳንዴ እናቷ መስኮት ዘግታ ስትተኛ ደጃፉ ላይ ቆማ “የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ!” ትላለች፤ እንደ ቀልድ አድርጋ ነው፣ ቀልድ ግን አልነበረም።

ታዲያ ልጅቷ ለልምምድ ማዋለጃ ክፍል ተመደበች። የመጀመሪያ ቀኗን ውላ ስትመጣ ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። ፊቷ በርቷል። አንዲት እናት ልጇን ደረቷ ላይ ሲያደርጉላት እንዴት እንደሳቀች፣ እንዴት እየሳቀች እንዳለቀሰች፣ ጭንቁን ሁሉ እንዴት ወዲያው እንደረሳችው ትተርካለች። ተኳሿ ድንች እየላጠች ታዳምጣለች። ልጅቷ ትረካዋን ጨረሰችና ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። “እማ፣ እኔስ ስወለድ? ደስ ብሎሽ ነበር፣ አይደል?”

ተኳሿ ልጇን አክብራ አሰበችበት። ቢላዋውን አስቀምጣ፣ ወደዚያ ቀን ተመልሳ፣ በደንብ አድርጋ ፈለገች። ደስታ የሚባል ነገር አላገኘችም። “አይ፣ አላለኝም” አለችና ድንቿን አነሳች።

አንዲት “እንዴታ!” ብቻ ነበረች የጎደለችው! ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ።

“እየቀለድሽ ነው?” አለች ልጅቷ።

“መቀለድ አልችልበትም። ታውቂያለሽ።”

ልጅቷ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈት፣ ቦርሳ ሲጎተት ተሰማ። ተኳሿ ሄዳ በሩ መሀል ቆመች። በዚህኛው ጊዜ ለማጣጠፍ አላገዘችም፤ ያን ያህል ተምራለች። የሚባል ነገር እንዳለ ገብቷታል፣ የትኛው እንደሆነ ግን አልመጣላትም። ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ፊቷ ቆመችና “አሳልፊኝ፣ እማ” አለቻት። አሳልፊኝ ተብላለችና ጥግ ይዛ አሳለፈቻት።

በማግስቱ የተኳሿ ታላቅ እህት ደወለች። ልጅቷ ያረፈችው እሷ ቤት ነው። እህትዬው ሰላምታም አልሰጠች፤ “አንቺ ሰው ነሽ? ስታለቅስ ነው ያደረችው። ‘አዎ’ ብትያት ምን ነበረበት? ‘አዎ’ ማለት ስንት ፊደል ነው?”

“ሁለት” አለች ተኳሿ።

እህቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጠረቀመችባት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ዕድሜዋን ሙሉ “ትንሽ ዝም በሉልኝ” ስትል የኖረች ሴት የለመነችውን አገኘች፤ እንኪ ተባለች። ለእሷ ሲሆን ግን ዝምታውም ይጮህ ጀመር። መብላት ተወች። ለልጇ ደውላ፣ ስልኩ ሲነሳ ምን እንደምትል ሳታውቅ ትዘጋዋለች። ሥራ ቦታ አንዱን ሱሪ ደጋግማ ትተኩሳለች። ጋሼ “ምን ሆነሻል?” ሲሏት የምትለው ጠፍቷት “ሆዴ ውስጥ ድንጋይ አለ” አለች። “ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ የጨጓራ ይሆናል” አሏት እሳቸውም፣ ምን ያድርጉ።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ስፌት ቤቱ ይጨናነቃል። የዩኒፎርም ወረፋ ደጅ ድረስ ይወጣል። ሬዲዮው ማስታወቂያ ያወራል፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ሕፃናት ቁልፍ ያሳድዳሉ፣ ሁለት ሴቶች “ተራው የኔ ነው” ተባብለው ተያይዘዋል። እንደዚያ ባለ ቀን አንዷ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና “የኛ አልደረሰም እንዴ?” ብላ ተኳሿን ትከሻዋ ላይ ነካች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ተኳሿ አታስታውሰውም። ጋሼ የጨርቅ ቃጠሎ ሸቷቸው ሲሮጡ፣ ካውያው የሰው ኮት ላይ ተደፍቶ ይጨሳል፤ እሷ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደፊት ወደኋላ ትወዛወዛለች።

ወረፋ የያዘው ሰው “ድሮም ነካ ያደርጋታል” አለ። ጋሼ ካውያውን ነቀሉ፣ ሬዲዮውን ነቀሉ፣ ሰዉን ሁሉ አስወጥተው በሩን ዘጉ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። ሽማግሌው እንዲህ ሲያደርጉ ማንም አላስተማራቸውም፤ ደክሟቸውም ሊሆን ይችላል። ትንፋሿ ሲመለስላት ሆስፒታል ይዘዋት ሄዱ። ልቧ ተመረመረ፣ ደሟ ተመረመረ፣ ሁሉም ደህና ነው ተባለ። መርማሪው ሐኪም ግን ብልህ ሰው ነበርና ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ላካት።

ባለሙያዋ ወጣት ናት። “እርስዎ ራስዎን እንዴት ይገልጹታል?” ብላ ጀመረች። ተኳሿ “እባክሽ አንቺ በይኝ። እርስዎ ስባል የሚጠየቀው ሌላ ሰው ይመስለኝና እጠፋለሁ” አለቻት። ባለሙያዋ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ሬዲዮውን፣ ሸሚዞቹን፣ ድንቹን፣ ሁሉንም አወጣጣቻት። ደጋግማ አመላልሳ ጠየቀቻት፤ ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ጨዋታዋ፣ ስለሚቆረቁራት ጨርቅ። በመጨረሻ “ኦቲዝም የሚባል ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?” አለቻት።

“እሱማ የሕፃናት ነው።”

“ሕፃናቱ እኮ ያድጋሉ” አለች ባለሙያዋ።

ተኳሿን ሲገባት የመጣባት ደስታ አልነበረም፤ ንዴት ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ግትር፣ ደረቅ፣ ልብ የሌላት ስትባል፣ አንድ ሰው እንኳ ‘ይህች ልጅ የምትሰማው ሌላ ነው’ ብሎ አለማሰቡ አንገበገባት። እንዲህ ያለ ንዴት እንዳላት አታውቅም ነበር። ባለሙያዋ ንዴቱ እስኪበርድ ጠበቀቻትና፣ ይህ በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው፣ የሚያሳምመው ተደብቆ መኖሩ ነው አለቻት። ሆዷ ውስጥ ያለው ድንጋይም ሐዘን ይሆናል አለቻት። ተኳሿ ሆዷን በእጇ ያዘች። “ሐዘን ነው እንዴ?” አለች፤ ጨጓራ መስሏት ለስንት ጊዜ ወተት ጠጥታበታለች።

“ልጅሽ ‘ደስ ብሎሽ ነበር፣ አይደል?’ ስትልሽ የጠየቀችሽ ስለ ደስታ ይመስልሻል?”

“እንደዚያ ነው ያለችው።”

“እኔ ሌላ ነገር ይመስለኛል። ግን ከእኔ አትስሚው፣ ከሷ ስሚው።”

እህቷ ቤት ስትሄድ በሩን የከፈተችላት እህቷ ናት። መተላለፊያው ላይ ያዘቻትና በሹክሹክታ “ስሚኝ፣ አሁን ገብተሽ ‘ደስ ብሎኝ ነበር፣ በድካም ነው የተሳሳትኩት’ በያት። ስለ ልጅሽ ብለሽ አንዲት ቀን ዋሺ! ሌላውን ሆድ ይፍጀው” አለቻት። ተኳሿ አውቶቡስ ውስጥ ያንኑ ነበር ስትለማመድ የመጣችው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ለልጇ ብላ ልትዋሽ ቆርጣ ነበር።

ልጅቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ከስታለች። ተኳሿ አፏን ከፈተች፣ ውሸቱ ግን አልወጣም። በምትኩ ባለሙያዋ ያለቻትን ሁሉ፣ ኦቲዝሙን፣ ጠረጴዛው ሥር መግባቷን፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት።

ልጅቷ አዳምጣ ስታበቃ “እና ስም ተሰጠሽና ነፃ ወጣሽ?” አለች። “እኔስ? ስነካሽ የምትሸሺኝ ልጅ ነኝ እኮ እኔ! ሌላው ልጅ እናቱ ጉያ ሲገባ እኔ ‘እማ ደክሟታል’ እያልኩ ነው ያደግኩት። ስሙ ለኔ ምን ያደርግልኛል?”

“ላንቺ ምንም አያደርግልሽም” አለች ተኳሿ። እውነቷን ነው፤ ከባለሙያዋ ዘንድ ከወጣች ጀምሮ አስባበት ነበር። “ያን ቀን ግን የሆነውን ልንገርሽ። ደስ አላለኝም። ፈራሁ። መብራቱ ዓይኔን አጠፋው፣ ነርሶቹ እኩል ይጮሃሉ፣ አንቺም ትጮሂያለሽ፣ ጆሮዬን ያዝኩ። ‘ይህች ምን ዓይነት እናት ናት’ ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ አየሁሽ። አንቺም መብራቱን ፈርተሽ ዓይንሽን ጨፍነሻል። አንሶላውን ሳብኩና ሁለታችንንም ሸፈንኩ። ውስጡ ጨለማ ሆነ፣ አንቺም ዝም አልሽ፣ እኔም ዝም አልኩ። ሊመዝኑሽ ሲመጡ አልሰጥም ብዬ ተጣላሁ። ያኔም ደስ አላለኝም። ይህች የኔ ናት፣ ማንም አይነካትም፣ ነው ያልኩት። ያ ደስታ ይባል አይባል አላውቅም።”

ልጅቷ አፍጥጣ አየቻት። “ይሄን ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?”

“አልጠየቅሽኝማ!”

“እማ!” ጮኸች ልጅቷ፤ እህትዬውም ከመተላለፊያው ብቅ አለች። “‘ትወጂኛለሽ ወይ’ ነው እኮ የጠየቅኩሽ! ያ ነው ጥያቄው!”

“ታዲያ እሱን ለምን አልጠየቅሽኝም?” አለች ተኳሿም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። በሕይወቷ እንዲህ ጮኻ አታውቅም፤ እንባዋ መውረዱንም ልብ አላለችውም። “እሱማ ‘አዎ’ ነበር! ያኔም ‘አዎ’ ነበር፣ ድንቹን ስልጥም ‘አዎ’ ነበር! የጠየቅሽኝ ሌላ ነገር ነው!”

ልጅቷ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። “ልጅ እናቷን እንደዚህ አትጠይቅም” አለች ቀስ ብላ። “መጠየቅ አይኖርባትም።”

“አዎ። አይኖርባትም” አለች ተኳሿ። ይህን የሚያስተካክል ቃል አልነበራትም፣ አልፈለገችምም። “ቤት ትመጫለሽ?”

“እንጃ።”

እህትዬው ከበሩ “እንጃ ይባላል ለእናት?” ብላ ልትቆጣ ስትል ተኳሿ እጇን አንስታ አስቆመቻት። ልጇ “እሺ” ብትላት ኖሮ ስንት ዓይነት እሺ እንዳለ ስታስብ ነበር የምትከርመው። እንጃ ግን እንጃ ነው፤ ፍቺ አያስፈልገውም። ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል ልጅቷ ተከተለቻት። እጇን ወደ እናቷ ክንድ ዘረጋችና መሀል ላይ አቆመችው።

“እማ፣ ስነካሽ ያምሻል?”

ተኳሿ አሰበችበት። “ቀስ ብለሽ ከነካሽኝ ያመኛል። ይለበልበኛል። አጥብቀሽ ከያዝሽኝ ግን አያመኝም፤ እንዲያውም ያርፍልኛል።”

የልጅቷ እጅ እዚያው አየር ላይ ቀረ። “እኔ እኮ እንዳያምሽ ብዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቀስ ብዬ ነው የነካሁሽ” አለች።